አባቴ ሶማሊያ እስር ቤት ሞተ ይላሉ፤ እናቴ ግን ቁርጡን አላወቀችም

ከአዳማ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

«አባቴ ሐረር፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ውስጥ አስር አለቃ ነበር። እኔ በ1969 ነው የተወለድኩት፤ በፎቶ ካልሆነ አላውቀውም። በ1970 መጀመሪያ፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ ጅጅጋ አካባቢ ተማረከ ተባለ። በ1980 እስረኞቹ ሲመለሱ እናቴ ይመጣል ብላ ቤቱን ቀለም አስቀባች። አልመጣም። አብሮት የታሰረ አንድ ሰው ‹እዚያው ሞቷል› አለን። ሌላው ደግሞ ‹በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር› አለ። እናቴ ሁለተኛውን አመነች። ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም። አሁን 70 አልፏታል። ሻንጣዋ ውስጥ ቀይ መስቀል የታተመበት አንድ ደብዳቤ አላት፤ ‹ደህና ነኝ፣ ልጄን ሳሙልኝ› ይላል። በቅርቡ ቴሌግራም ላይ የተዋወቅኩት ሰው የአባቴን ፋይል ከጄኔቫ እንደሚያወጣልኝ ነግሮኝ 60 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ልክፈል? ወይስ ነገሩን እንዳለ ልተወው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። አትክፈዪ። ሰባራ ሳንቲም አትክፈዪ። ቀይ መስቀል የጠፋ ሰው ሲያፈላልግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አገልግሎቱ እዚህም፣ ጄኔቫም፣ አሜሪካም በነጻ ነው። ፋይሉም ደላላ በጓሮ በር ገብቶ የሚያወጣው ነገር አይደለም። የእስረኛ መረጃ የሚሰጠው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ነው። የምትጠይቂው አንቺ ወይም እናትሽ ናችሁ። ሰውየው የእናትሽን ደብዳቤ ፎቶ ላኪልኝ ካለሽም እንዳትልኪለት። በዚያው ወረቀት ሌላ ቤተሰብ ሊያታልልበት ይችላል።

«ልተወው?» ላልሽው ደግሞ፦ ቢተው ኖሮ እስካሁን ይተዋችሁ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ያልተወን ነገር አሁን በቃኝ ስላልሽ ብቻ ከቤታችሁ አይወጣም። ከዚያ በላይ ግን በደብዳቤሽ መሀል እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ። የቀይ መስቀሉ ወረቀት።

እሱን ወረቀት እንደ ማስታወሻ ብቻ ነው የያዛችሁት። ለእኔ ግን ማስረጃ ነው። ደብዳቤውን ያጻፈው የቀይ መስቀል ተወካይ ካለ፣ ያ ተወካይ አባትሽን አግኝቷል ማለት ነው። አንድን እስረኛ ያገኘ ተወካይ ደግሞ ስሙን ሳይመዘግብ አይሄድም። ስለዚህ አባትሽ ጄኔቫ በሚገኘው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ማዕከላዊ የማፈላለጊያ ቢሮ ካርድ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። እዚያ ቤት ካርድ አይጣልም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት 7 ሚሊዮን ገደማ የእስረኛ ካርዶች ዛሬም እዚያው ከተማ ተቀምጠዋል።

አሁን ሻንጣው ይከፈት። እናትሽ አጠገብሽ ሆነው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በቀን ብርሃን። መልእክቱን ለጊዜው ተዪውና ዙሪያውን እዪ። በላኪ አድራሻ ቦታ የካምፕ ስም አለ ወይ? ከስሙ አጠገብ ቁጥር አለ ወይ? የእስረኛ ቁጥር ከስም ይበልጣል፤ ታደሰ የሚባል መቶ ሰው ሲኖር ያ ቁጥር ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ማህተሞቹ። አንዱ የተጻፈበትን፣ ሌላው የደረሰበትን ቀን ሊያሳይ ይችላል። የአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሰሽ አስቢው። ጀርባውንም አትርሺ። በሁለቱም በኩል በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ዋናው ከቤት አይውጣ። ላሚኔትም አታስደርጊው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉን ነገር ላሚኔት ካላደረግን ይላሉ፣ አንዴ ከተጣበቀ ግን መመለሻ የለውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላክል። የቀይ መስቀል መልእክት ክፍት ሆኖ ነው የሚላከው። ያሰረው መንግሥት ያነበዋል፣ ተቀባዩም አገር ሊያነበው ይችላል። የቤተሰብ ጉዳይ እንጂ ሌላ አይጻፍበትም። ስለዚህ «ደህና ነኝ» የሚለውን እንደ ሐኪም ማስረጃ አትውሰዱት። የሚያረጋግጠው ያን ቀን በሕይወት እንደነበረ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ትፈልጊያለሽ።

ቀጥሎ ወደ ቢሮ ከመሄድሽ በፊት ወደ ሰው ሂጂ። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። ማመልከቻ እናስገባና መልስ ስንጠብቅ ምስክሮቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ጄኔቫ ያለው ካርድ ከዛሬ ዓመትም እዚያው ይገኛል። በ1970 የ25 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር ግን ዛሬ ከ70 በላይ ነው።

«ሞቷል» ያለው ሰው አለ? «አየሁት» ያለውስ? ሁለቱንም ፈልጊያቸው። አንደኛው ዋሽቷል ብለሽ አትነሺ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ በ1972 ደህና ሆኖ አይቶት ይሆናል፤ ሌላው በ1976 ሞቱን ሰምቶ ወይም አይቶ ይሆናል። የምርኮው ዘመን እኮ ከአስር ዓመት በላይ ነው። የአየር ኃይሉን ለገሠ ተፈራን አስቢ፤ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስሮ ነው የተመለሰው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ከካምፕ ካምፕ ይዛወራል፣ ይታመማል፣ ይድናል። ገዚራ ካምፕ አብሮት የነበረ ሰው፣ አባትሽ ላንታ ቡር ወደሚባለው እስር ቤት ከተወሰደ በኋላ የሆነውን አያውቅም። ጥያቄው «ማን ነው እውነቱን የተናገረው?» ሳይሆን «መቼ ነው ያየኸው?» ነው።

አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ አስወሪያቸው። የተመለሱት ሰዎች ስለ ምርኮ ማውራት አይወዱም። እኛ «ኮሪያ ላይ የቃኘው ልጆች አንድም ምርኮኛ አልሰጡም» እያልን ስንኮራ ነው ያደግነው። ኩራቱ ባልከፋ፤ ግን ተማርኮ የተመለሰው ሰው ይህን እየሰማ ምን ብሎ አፉን ይክፈት? ስለዚህ ቡና ይፈላ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቂ፣ አትቸኩዪ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ በስልክሽ ቅጂ።

ከዚያ ያዩትንና የሰሙትን ለዪ። «ሞተ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ሬሳ ያየ አይደለም። «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነበሩ? ወይስ ነገሩዎት? ማን ነገረዎት?» ብለሽ ጠይቂ። የነገራቸው ሰው ስም ካለ ቀጣዩ መንገድሽ ወደ እሱ ነው። ነበርኩ ካሉ ዝርዝር ውስጥ ግቢ። ምን አመመው? ሐኪም አየው? አጠገቡ የሚተኛው ማን ነበር? ማን ገነዘው? የት ቀበራችሁት፣ ከግቢው በየት በኩል? ይከብዳል። አንቺ ካልቻልሽ አጎትሽ ወይም ሌላ ዘመድ ይጠይቅ፤ አንቺ ጻፊ።

ቀን ስትጠይቂ «ስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበዪ። እስር ቤት ውስጥ ሰው ቀን የሚቆጥረው በበዓል ነው። «ጥምቀት አልፎ ነበር? ፍልሰታ ጾማችሁ ነበር? ከእገሌ ሞት በፊት ነው በኋላ?» ብትዪ ይሻላል። «ክረምት ላይ ነው» ካሉሽ ደግሞ ሐምሌ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ሞቃዲሾ አካባቢ ዋናው ዝናብ በፈረንጆቹ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው፣ ሌላው ጥቅምትና ኅዳር። የእኛ ክረምት እዚያ የለም። «ሲዘንብ ነው የሞተው» ያለ ሰው ግንቦትን ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ስም ላይም እንዲሁ። የአባትሽን ስም እስከ አያት ያዢ። የሶማሊኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ስም ሲመዘግብ በሰማው መንገድ ነው። ሶማሊኛ «ዘ» እና «ፐ» የሚባሉ ድምፆች የሉትም። ዘውዴ «ሰውዴ» ሆኖ፣ ጴጥሮስ «ቤጥሮስ» ሆኖ ቢገኝ አይግረምሽ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የጸጋዬ ዓይነት ስም አምስት ስድስት መልክ አለው። ማመልከቻሽ ላይ የምታስቢውን አጻጻፍ ሁሉ አስፍሪ፤ የቤት ስም፣ የጓደኞች ቅጽል ስም ካለም ጨምሪ።

ይህን ከያዝሽ በኋላ ነው ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የምትሄጂው። አዳማ ያለውን ቅርንጫፍ ጠይቂ፤ ካልሆነም አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ዋናው መሥሪያ ቤት አለ። «የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት» በዪ፣ ይገባቸዋል። የማፈላለጊያ ቅጽ ይሰጡሻል። ሙሉ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ ማዕረግ፣ ክፍል፣ የመጨረሻ ወሬ የተሰማበት ቦታና ጊዜ፣ ፎቶ፣ የዚያ ደብዳቤ ኮፒ፣ የምስክሮቹ ቃል። ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት ካለሽ እነሱም ባሉበት አገር ቀይ መስቀል ማመልከት ይችላሉ፤ ግን አንድ ሰው ያመልክት። በሦስት አገር ሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ ካስገባችሁ ራሳችሁ ናችሁ የምታደናግሩት።

ምን ትጠይቂያለሽ? ሕጉን ትንሽ ማወቅ ይረዳሻል። ኢትዮጵያም ሶማሊያም ከጦርነቱ በፊት የ1949ኙን የጄኔቫ ስምምነቶች ተቀብለው ነበር። ሦስተኛው ስምምነት ስለ ጦር ምርኮኞች ነው። ምርኮኛ ካምፕ በገባ በሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ለማፈላለጊያው ቢሮ የመማረክ ካርድ እንዲልክ ይፈቀድለታል። ከሞተ ደግሞ አንቀጽ 120 አለ፦ ያሰረው መንግሥት የሞት ማስረጃ ወይም የተረጋገጠ የሟቾች ዝርዝር ይልካል። በማስረጃው ላይ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ የሞቱ ምክንያት፣ የተቀበረበት ቀንና ቦታ፣ መቃብሩን ለመለየት የሚያስፈልገው ሁሉ ይሰፍራል። ሕጉ ይህን ይላል። ተፈጽሟል ወይ? በየቦታው አልተፈጸመም። ግን አንቺ በግልጽ ጠይቂ፦ የተመዘገበበት ቀን፣ የታየባቸው ጉብኝቶች ቀንና ቦታ፣ የተላላካቸው መልእክቶች፣ የሞት ማስታወቂያ ደርሶ ከሆነ ኮፒው፣ የእስር ማረጋገጫ ወረቀት።

መልሱ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሲመጣም ደረቅ ነው። «በዚህ ቀን ታይቷል፣ በዚህ ቀን ታይቷል፣ ከዚያ በኋላ አልታየም» ብቻ ሊል ይችላል። ተስፋ እንዳትቆርጪ። በመጨረሻው የታየበት ጉብኝትና በሌለበት ጉብኝት መካከል ያለው ጊዜ ነው የምትፈልጊው። የምስክሮችሽ ቃል እዚያ ክፍተት ውስጥ ከገባ ነገሩ ገጠመ ማለት ነው። «ስሙ አልተገኘም» የሚል ቢመጣ ደግሞ አልተማረከም ማለት አይደለም። ካርድ የሚኖረው ተወካዮች ያገኙት ወይም ያሰረው ወገን ያሳወቀው ሰው ብቻ ነው። ይህን ጊዜ በሌላ የስም አጻጻፍ እንደገና እንዲያዩልሽ ጠይቂ።

ከሶማሊያ በኩልስ? ብዙ አትጠብቂ። በመጋቢት 1980 ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በዚያው ዓመት ክረምት ማብቂያ ላይ ቀይ መስቀል ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን መለሰ። ከዚያ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1983፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ፈረሰ፣ ሞቃዲሾ ተቃጠለች። የካምፖቹን መዝገብ ሄደሽ የምትጠይቂው ቢሮ የለም። መቃብሩን ፈልጎ አጽሙን የማምጣት ተስፋም ለእናትሽ አትስጪ። ይህን የምለው ልቤ ጨክኖ አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ በባድመው ጦርነት የተማረከ ሰው ያላችሁ አንባቢዎች አላችሁና፦ የእናንተ ነገር ትንሽ ይለያል። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው በነሐሴ 2000 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ቀይ መስቀል ወደ ካምፖቹ አልገባም። ስለዚህ በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ስለሞተ ሰው ከካርድ ይልቅ የተመላሾቹ ቃል ይበልጣል። ሄግ የነበረው የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በሐምሌ 2003፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለ ምርኮኞች የሰጠው ውሳኔ የየካምፑን ሁኔታ ይዘረዝራል፤ ናቅፋ፣ አፋቤት፣ ድግድግታ እያለ። የሰው ስም ባታገኙበትም ዘመዳችሁ የነበረበት ቦታ ምን ይመስል እንደነበር ታያላችሁ።

ወደ አንቺ ልመለስ። መከላከያ ሚኒስቴርም ማመልከቻ አስገቢ። የአባትሽ የቅጥር ወረቀት፣ መታወቂያ ቁጥሩ፣ የጡረታ ወረቀት፣ ምንም ይሁን ያላችሁን ይዘሽ ሂጂ። ሠራዊቱ በ1983 ከተበተነ በኋላ መዝገብ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ግን ደመወዝ ይከፈለው የነበረ ሰው የሆነ ቦታ ስሙ አለ። እናትሽ የባል ጡረታ አግኝተው የማያውቁ ከሆነም እዚያው ጠይቂ፣ ማኅበራዊ ዋስትና ምን ሰነድ እንደሚፈልግ አጣሪ። ምንም የሞት ማስረጃ ካልተገኘ የፍትሐ ብሔር ሕጉ «መጥፋት» የሚል ምዕራፍ አለው። ከቁጥር 154 ጀምሮ አንብቢው። ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቦታ ላለው ፍርድ ቤት አመልክቶ መጥፋቱን ሊያስወስን ይችላል። ለቤት፣ ለቦታ፣ ለውርስ ጉዳይ ይህ ያስፈልጋችኋል። ለዚህ ጠበቃ አማክሪ፤ 60 ሺህ ብሩን ማውጣት ካለብሽ እዚህ ላይ ይሁን።

የእናትሽ ጉዳይ ቀረ። ለእኔ የከበደኝ እሱ ነው። ፍለጋውን ደብቂያቸው አልልም፤ ሻንጣው የእሳቸው ነው፣ ባሉም የእሳቸው ነው። «እየጠየቅን ነው» በያቸው። ግን እየመጣ ያለውን ወሬ ሁሉ እየሮጥሽ አታድርሺ። ዛሬ «ሞቷል»፣ ነገ «ሌላ ሰው ነው»፣ ከነገ ወዲያ «ምናልባት» እያሉ ማንገላታት ግፍ ነው። አንድ ጊዜ መርዶ የተረዳ ሰው ሁለተኛ ባይረዳ ይሻላል። ነገሩ ሲጠራ፣ ሲገጥም፣ ያኔ በወጉ ይነገራል። በስልክ አይደለም፣ አንቺም ብቻሽን አይደለሽም። ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባታቸው፣ እህታቸው ካለች እሷ፣ ጎረቤት፣ በማለዳ። ያን «ሞቷል» ያለውን ሰው በሕይወት ካገኘሽውና ቃሉ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ እሱም ይምጣ። እናትሽ የሚጠይቁት ነገር ይኖራል፤ ሊመልስላቸው የሚችለው እሱ ነው። እድርተኛም ይነገረው። ለቅሶ ከ40 ዓመት በኋላም ለቅሶ ነው፤ ድንኳን ይጣል ካሉ ይጣል። ፍትሐቱንና ተዝካሩን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩበት።

እናትሽ ወረቀቱን ሁሉ አይተውም «አላምንም» ሊሉ ይችላሉ። አትከራከሪያቸው። አንቺ የምትፈልጊው ቁርጥ እና እሳቸው የሚችሉት ቁርጥ አንድ ላይሆን ይችላል።

ቅዳሜ ያ «ሞቷል» ያለው ሰው ዘንድ ሂጂ። ሰውየው አድራሻ ቀይሮ እንደሆነ የሦስተኛ ክፍለ ጦር የቀድሞ አባላት እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ሐረርም ድሬዳዋም አዳማም አሉ። አንዱን ካገኘሽ ሌሎቹን እሱ ያገናኝሻል። የአባትሽን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፣ በወታደር ልብሱ የተነሳውን ካለ። ስም የረሳ ሽማግሌ ፊት አይረሳም።